የክልስ ቡችላ እናት፤ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ውሻን ስለ ማዳቀልና ስለ ማሳደግ

በወለጋ ከተሞች ቡችላ ሊገዛ ወይም ከወዳጁ ሊቀበል የሚሄድ ሰው ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በቡችላው እግር ውፍረትና በጆሮው አቋቋም ላይ ሲሆን፣ አንደበቱም የሚጠይቀው «አባቱ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። «አባቱ የፈረንጅ ውሻ ነው» የሚል መልስ ካገኘ ቡችላው «ክልስ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለ እናቱ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እናቲቱ በአጥር ሥር የምታድር፣ አንዳንድ ጊዜም ስም ያልወጣላት የአገር ውሻ መሆኗን ሻጩም ገዢውም ያውቁታል፤ የታወቀ ነገር ደግሞ አይጠየቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን የተዘለለ ጥያቄ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ክልስ ቡችላ ለአደን ጓደኛ፣ ለቤተ ሰብም ባልንጀራ እንዲሆን ሲፈለግ፣ ፈላጊው የሚመረምረው የአባትን ወገን ነው። ዳሩ ግን ቡችላው ለሁለቱ ሥራዎች የሚበቃ ወይም የማይበቃ የሚሆነው ይበልጡን በእናቱና ከእናቱ ጋር በሚያሳልፋቸው ሳምንቶች ነው። ይህ ነገር ሲታለፍ ከቤቱ ውስጥ የሕፃናት ደኅንነት፣ ከአገሩም የነባሩ ውሻ ዘር አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለ ቦታውና ስለ ውሻው ጥንታዊ ሥራ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቡርቃ ጃቶ ከከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው፤ «ቡርቃ» በአፋን ኦሮሞ ምንጭ ማለት ነው። እንደ ብዙዎቹ የወለጋ ከተሞች ሁሉ በነቀምቴም ዳርቻ የከተሜው ግቢና የገበሬው ማሳ ይዋሰናሉ። በአንድ አጥር ውስጥ ሱቅና ዶሮ፣ ከአጥሩም ወዲያ በቆሎና ቡና ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ያለ ውሻ የከተማም የገጠርም ሥራ ይሰጠዋል።

የወለጋ ምድር ለአደን የታወቀ ነበር። በእነ ሞረዳ በከሬና በልጃቸው በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን የሌቃ ነቀምቴ ሀብት ከወርቅና ከዝባድ ጋር በዝሆን ጥርስም የቆመ ነበር፤ የደጃዝማች ኩምሳ ቤተ መንግሥትም በነቀምቴ ከተማ እስከ ዛሬ ይታያል። በመጫ ኦሮሞ ዘንድ ጎሽን፣ አንበሳን ወይም ዝሆንን የገደለ ሰው ክብር ያገኝ ነበር፤ ጀብዱውንም በጌረርሳ ያሰማ ነበር። በአፋን ኦሮሞ አደን «አደሞ»፣ ውሻም «ሰሬ» ይባላል። ነገር ግን የታላቁ አደን ክብር የፈረሱ፣ የጦሩና በኋላም የጠመንጃው እንጂ የውሻው አልነበረም።

የውሻው እውነተኛ የአደን ሥራ ከዚህ ያነሰ፣ ግን ከዕለት እንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። በቆሎ እሸት ሲይዝ የዱር አሳማና ጃርት በሌሊት፣ ዝንጀሮና ጦጣ በቀን ማሳውን ይወርራሉ። ገበሬው ማማ ሠርቶ ይጠብቃል፤ ውሻውም ከማማው በታች ሆኖ ጠረናቸውን ከሰው ቀድሞ ያነፍሳል፣ ይጮኻል፣ ያሳድዳል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ውሻ ግዙፍ አይደለም። በሳር ውስጥ የሚሾልክ፣ በትንሽ መኖ ረዥም ሌሊት የሚቆይ፣ የዝንጀሮን ጥርስ የሚያውቅና ከመሞት መሸሽን የሚመርጥ ውሻ ነው። የአገሩ ውሻ ጠጉሩ አጭር፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ የተገኘው በማንም ዕቅድ ሳይሆን በብዙ ትውልድ የኑሮ ወንፊት ተነፍቶ ነው።

የአንድ ሆድ ልጆች እንዴት እንደሚገኙ

በከተማ «ማዳቀል» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይፈጸማል። የፈረንጅ ዘር ያለበት ተባዕት ውሻ፣ ለምሳሌ ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው ወይም ከእርሱ የተወለደ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ባለቤቱ በግቢው ያስረዋል፤ የሰፈሩ ሰው እንስት ውሻውን ይዞ ይመጣል፤ ወይም ተባዕቱ ራሱ ሌሊት ሰንሰለቱን ፈትቶ ይሄዳል። ከዚያ የሚወለዱት ሁሉ ክልስ ይባላሉ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ እንስት ውሻ ወንድ የምትቀበለው ለብዙ ቀኖች ስለ ሆነ ከአንድ ተባዕት በላይ ልትገናኝ ትችላለች። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሆድ የተወለዱ ቡችሎች አባታቸው ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። ታዋቂው ተባዕት በቀን ቢመጣ፣ ስሙ የማይታወቀው ደግሞ በሌሊት ይመጣል። እንግዲህ እንስቲቱ በነዚያ ቀኖች ተዘግታ ካልተጠበቀች የአባት ስም ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው፣ በከተማው ያሉት የተመሰገኑ ተባዕቶች ጥቂቶች ናቸው። አንድ ተባዕት ለብዙ ዓመት ሲያገለግል ሴት ልጆቹም ወደ እርሱ ይመለሳሉ፤ እኅትና ወንድምም ሳይታወቅ ይገናኛሉ። የቅርብ ዘመዶች ሲገናኙ ደግሞ ተሰውሮ የቆየው ደዌና ድካም መውጣቱ በእንስሳት ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሕግ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የእንስቲቱ ዕጣ ነው። በአገራችን ውሻ የሚያሳድግ ሰው በአብዛኛው የሚመርጠው ወንድ ነው። እንስት ቡችላ «ትወልዳለች፤ ግቢውን በወንድ ውሻ ታስወርራለች» ተብላ ከመንገድ ዳር ወይም ከወንዝ ዳር ትጣላለች። ከተጣሉት መካከል በዕድል የተረፉት አድገው የሚቀጥለው ትውልድ እናቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ምርጫ ያለው በአባት በኩል ብቻ ነው። በእናት በኩል ያለው መጣል ነው፤ ማሳ በመጠበቅ የተመሰገነች ብልህ ውሻም ሆነች ሕፃን የምትነክስ እንስት ዕጣቸው አንድ ነው። ዘርን የማሻሻል ሥራ በግማሹ ወላጅ ላይ ብቻ ሲሠራ ግማሽ ሥራ እንኳ አይሆንም፤ ምክንያቱም እናት የምትሰጠው ከግማሽ ይበልጣልና።

እናት ምን ትሰጣለች?

ቡችላው ከአባቱና ከእናቱ የሚወርሰው የዘር ድርሻ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ ያለው ስጦታ ግን የእናት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማሕፀን ነው። በእንግሊዝ አገር ዎልተንና ሃሞንድ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት ጥናት፣ ሻየር የሚባለውን ግዙፍ ፈረስ ሼትላንድ ከሚባለው ድንክ ፈረስ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅለው ነበር። የዘሩ ቅልቅል አንድ ሆኖ ሳለ ከግዙፏ እናት የተወለደው ውርንጭላ ትልቅ፣ ከድንኳ እናት የተወለደው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በልደት ጊዜ የሚታየውን መጠን የወሰነችው እናቲቱ ነበረች። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ያህል ነው። በነዚህ ቀኖች የምትራብ፣ የምትደበደብና ቆሻሻ የምትለቅም ውሻ፣ አባታቸው ማንም ቢሆን የምትወልዳቸው ከሲታና ደካማ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ወተት ነው። ከልደት በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር ቡችላውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ኀይል ይሰጠዋል፤ ይህን በኋላ የሚተካው ምግብ የለም።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። የቡችላ ዐይን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል፤ ጆሮውም ጥቂት ቆይቶ መስማት ይጀምራል። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ማን ወገኑ፣ ማን ባዕድ እንደ ሆነ የሚማርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በታጠረ መስክ ውስጥ ሰው ሳይቀርባቸው ያደጉ ቡችሎች 14 ሳምንት ሲሞላቸው ሰውን እንደ አውሬ ሲሸሹ ታይተዋል። እነዚህ ቡችሎች ኮከር ስፓንየልና ቢግል ከሚባሉት ገር ዘሮች የተወለዱ ነበሩ። ገር ዘር ብቻውን ገር ውሻ እንደማያደርግ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በእነዚያው ሳምንቶች ቡችላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት የጥርሱን ልክ ይማራል። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል፤ እናቱም ትገሥጸዋለች። በዚህ ምክንያት 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ የጥርሱን ልክ ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። በመንገድ ዳር በወጣቶች እቅፍ ሆነው ለመኪና መንገደኛ ከሚታዩት ቡችሎች መካከል ብዙዎቹ እዚህ ዕድሜ ላይ አልደረሱም። የሚሸጡትም በዚያ ዕድሜ ስለሚያምሩ ነው። ገዢው በመልክ ተማርኮ ይወስዳል፤ በኋላም ልጁን ሲነክስበት «ዘሩ ክፉ ነው» ይላል። ነገር ግን የተጓደለው ዘሩ ሳይሆን ትምህርቱ ሊሆን ይችላል።

ስለ መጀመሪያውና ስለ ሁለተኛው ትውልድ

ክልስነት በሰው አስተሳሰብ እንደ ቡናና ወተት ይታሰባል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው መካከለኛ የሆነ አንድ ነገር የሚወጣ ይመስላል። የዘር ሕግ ግን በቆሎና ቦሎቄ በአንድ ቁና እንደ መቀላቀል ነው። ቅልቅሉ በሩቅ አንድ ቢመስልም ፍሬው ፍሬ ሆኖ ይቆያል፤ በሚቀጥለው መስፈሪያም የትኛው በዝቶ እንደሚወጣ አይታወቅም።

ለውሻ ይህን ነገር በሰፊው ያሳዩት በአሜሪካ በባር ሃርበር ከተማ በጃክሰን ላቦራቶሪ የሠሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር ናቸው። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ከመረጧቸው ዘሮች አንዱ ባሴንጂ የተባለው የመካከለኛው አፍሪካ አዳኝ ውሻ፣ ሌላው ኮከር ስፓንየል ነበር፤ ማለትም አዳኙንና የቤት ባልንጀራውን አዳቀሉ። ባሴንጂ እምብዛም አይጮኽም፤ እንስቲቱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትወልዳለች። የመጀመሪያው ትውልድ ክልሶች በጩኸት ወደ ኮከር ስፓንየል ሲያደሉ፣ በሰው እጅ ሲያዙ በመታገልና በመሸሽ ግን ወደ ባሴንጂ አደሉ። ጠባይ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ወገን ስለሚወረስ «የአባቱን ኀይል፣ የእናቱን ትዕግሥት ይዞ ይወጣል» ብሎ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። የአባቱን መንከስና የእናቱን ፍርሃት ይዞ የሚወጣም አለ፤ ይህም ለቤተ ሰብ ከሁሉ የከፋው ቅልቅል ነው፤ የሚፈራ ትልቅ ውሻ ከማይፈራው ይልቅ ለመንከስ ይቸኩላልና።

የወለጋ ገበሬ ይህን ሕግ በሌላ ስም ያውቀዋል። በአዲስ አበባና በነቀምቴ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከባኮ የምርምር ጣቢያ የወጣው ቢ.ኤች. 660 የሚባለው ዲቃላ በቆሎ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በምዕራቡ አገር በሰፊው ተዘርቷል። ገበሬው የመጀመሪያውን ዓመት ምርት ያደንቃል፤ ከዚያው ምርት ዘር አስቀርቶ በማግስቱ ዓመት ቢዘራ ግን ቁመቱ የተዘበራረቀ፣ ፍሬውም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል እንጂ አይመለስም። በክልስ ውሻም እንዲሁ ነው። የአገር እንስትና የውጭ ተባዕት የወለዷቸው የመጀመሪያ ልጆች በመልክም በብርታትም ተቀራራቢ ይሆናሉ። ክልስ ከክልስ ጋር ሲገናኝ ግን አንዱ እንደ አያቱ ግዙፍ፣ ሌላው እንደ አያቱ ቀጭን፣ ሦስተኛውም ማንንም የማይመስል ሆኖ ይወጣል። ገዢው ግን ለሁሉም የሚከፍለው በአንድ ስም ነው።

ከባኮ ጣቢያ ሌላም ትምህርት አለ። በዚያ ከፍሪዢያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ኮርማዎች ጋር የተዳቀሉት የሆሮና የቦረና ላሞች ነበሩ። የውጭው ወገን ወተት እንዲጨምር፣ የአገሩ ወገን የአገሩን በሽታና መኖ እንዲችል ታስቦ ነው። እያንዳንዱ ጥጃ ከእናቱ ቁጥር ጋር ተመዝግቧል። የአገሩ እናት በዚያ የሥራው መሠረት ተደርጋ ተቆጠረች፤ በውሻ ዘንድ ግን ይህችው የአገር እናት ስም የላትም።

አዳኙና የቤቱ ልጅ በአንድ ቆዳ

የአደን ውሻ የሚመሰገነው የሚሮጠውን ነገር በማሳደዱ ነው፤ የቤት ውሻ የሚመሰገነው የሚሮጠውን ልጅ፣ ዶሮና ግልገል ባለማሳደዱ ነው። ሁለቱን በአንድ ውሻ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ተቃራኒ ነገር እየጠየቀ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሆኖም የሚቻል ነው፤ የሚቻለውም በዘር ሳይሆን በልማድ ነው። ቡችላው ከ3 ወር ዕድሜው በፊት ከዶሮ፣ ከፍየልና ከሕፃናት ጋር ከኖረ እነርሱን ከወገኑ ይቆጥራቸዋል። በተቃራኒው በሰንሰለት ታስሮ፣ ቀን በጨለማ ቤት ተዘግቶ፣ ሌሊት ብቻ የሚፈታ ውሻ ማንንም ሳያውቅ ያድጋል። ጆሮውን በመቁረጥ ወይም በማስራብ ኀይለኛ ይሆናል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ከዚህ የሚገኘው ብስጭት ነው፤ የተበሳጨ ውሻም ሌባውንና የባለቤቱን ልጅ አይለይም።

የአደን ነገር ደግሞ ከሕግ ጋር ይገናኛል። ዳግማዊ ምኒልክ የዝሆንን አደን የሚመለከት ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ በ1944 ደግሞ የዱር እንስሳትን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 61 ወጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለዚህ ድኩላንና ሚዳቋን በውሻ እያሳደዱ መግደል የቀድሞ ሰዎች ልማድ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ዛሬ ወንጀል ነው። ለውሻው የቀረው የተፈቀደና የተከበረ ሥራ ማሳውን መጠበቅና አውሬውን ከማሳው ማባረር ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ገድሎ የሚጥል ግዙፍ ውሻ አያስፈልግም፤ ቀድሞ የሚያነፍስ፣ ጮኾ የሚያስጠነቅቅና ሲጠሩት የሚመለስ ውሻ ይበቃል። እንዲህ ከሆነ የአገሩ እናት ያላት ሀብት ከውጭው አባት ሀብት ይልቅ ለሥራው ይቀርባል ማለት ነው።

ስለ በሽታ

ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ከአውሬ ጋር ይገናኛል፤ የቤት ውሻ ከሕፃን ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱን የሚሠራ ውሻ በሁለቱ መካከል ድልድይ ነው። ስለዚህ በሽታ የዚህ ጉዳይ ዋና ክፍል እንጂ ተጨማሪ ነገር አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ታሪክ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ፣ በ1903 ደግሞ በአዲስ አበባ ተነሥቶ ነበር። ሕዝቡ እንዶድንና ሌሎችንም ዕፀዋት መድኃኒት አድርጎ ሲሞክር ኖሯል። ነገር ግን ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ሞትን የሚመልስ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ክትባት ነው፤ ቡችላው 3 ወር ሲሆነው፣ ከዚያም በየጊዜው እንደ እንስሳት ሐኪሙ ትእዛዝ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ምሽት ላይ ዕፅ ጠጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ነፍስ ያስከፍላል።

ሁለተኛው በሽታ ከአደንና ከዕርድ ልማድ ጋር የተሳሰረ ነው። ከብት ሲታረድ ወይም አውሬ ሲገደል የውሻው ድርሻ አንጀትና ሳምባ ነው። በጉበትና በሳምባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ይበላዋል፤ በአንጀቱም ውስጥ እጅግ ትንሽ የሆነ የኮሶ ትል ዓይነት ይበቅላል። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ሕፃንም በጉበቱ ወይም በሳምባው ላይ ያንኑ ከረጢት ለዓመታት ሊሸከም ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሆድ ዕቃውን ቀቅሎ መስጠት ወይም መቅበር፣ ውሻውንም በየጊዜው የትል መድኃኒት ማጠጣት ነው። ቡችላውን ወደ ቤት ያስገባ ሰው የጥንቱን የውሻ ድርሻ እንደ ጥንቱ በጥሬው ሊሰጠው አይችልም።

ዘር ሲደባለቅ የቀረውና የጠፋው

ክልስ ማድረግ የት እንደሚያደርስ ለማየት ከአፍሪካ ሁለት ምሳሌዎችን ማቅረብ ይበቃል። የመጀመሪያው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የኮይኮይ ሕዝብ ውሾች በጀርባቸው ላይ ወደ ፊት የቆመ የጠጉር መስመር ነበራቸው። አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ውሾቻቸውን ከነዚህ ጋር አዳቅለው አንበሳን የሚያስቆም፣ በቤትም ቤተ ሰብን የሚጠብቅ ውሻ አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 በቡላዋዮ ከተማ የዘሩ መለኪያ ተጽፎ ሮዴዥያን ሪጅባክ ተባለ። ክልስ አዳኝና የቤት ባልንጀራ በአንድ ላይ ለማግኘት የተደረገው ሙከራ ተሳካ ማለት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ቦይኮና ባልንጀሮቹ የአፍሪካን መንደር ውሾች ዘር መርምረው ባወጡት ጽሑፍ የዚህ ውሻ ዘር በአብዛኛው ከአፍሪካ ውጭ መሆኑ ታየ። የጠጉሩ መስመር ቀረ፤ መስመሩን የሰጠው ነባር ውሻ ግን በአባቶቹ ብዛት ተዋጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን ከባሌ ተራሮች ነው። በወብ ሸለቆ የቤት ውሾች ከቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅለው ክልሶች ታይተዋል፤ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ከበድ፣ የጠጉራቸውም ቀለም የተለየ ነበር። ጎቴሊና ባልንጀሮቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የዘር ክፍል መርምረው፣ መዳቀሉ በተባዕት ውሻና በእንስት ቀበሮ መካከል የተደረገ መሆኑን አሳዩ። እዚህም ያየነው ሕግ ይደገማል፤ እናት የነባሩ ወገን ናት፤ አባት ግን ከውጭ የመጣ፣ በብዛትም የሚበልጥ ነው። በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በወለጋ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ትምህርቱ ግን አለ። ያልታሰረና ያልተከተበ ተባዕት ውሻ የሚዘራው የዘር ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ምን ሊደረግ ይገባል?

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚወጣው ምክር ክልስ ቡችላን መንቀፍ አይደለም። በነቀምቴ ግቢ በልጆች ተከብቦ የሚያድግ ክልስ ውሻ ለቤቱ በረከት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቡችላ የሚያስወልድ ሰው አስቀድሞ እናቲቱን ይምረጥ። ልጅ ነክሳ የማታውቅ፣ ማሳ በመጠበቅ የተፈተነች፣ የተከተበች፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የሆናት ትሁን። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ትዘጋ፤ ስታረግዝ ትመገብ፤ ልጆቿም 8 ሳምንት ሳይሞላቸው አይነጠሉ። ገዢውም «አባቱ ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «እናቱን አሳየኝ» ይበል፤ እናቲቱ ባዕድ ስታይ የምታደርገው ነገር ስለ ልጆቿ የሚመሰክረው ከአባት ስም ይበልጣል። እንስት ቡችሎችንም ከመጣል ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ባለበት ስፍራ ማስመከን የሚቻል መሆኑን ሰው ይወቅ።

ለዚህ ማኅበር አባላትና ለተማሪዎች የሚቀርበው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ውሻ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የማይል የለም። ሰው ለውሻው የሚያወጣው ስም ለጎረቤት የተላከ መልእክት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ወደ አገሩ ለዕረፍት የሚመለስ ተማሪ ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ፣ ማሳ ጠባቂ ውሻ በምን ቃል እንደሚጠራና እንደሚላክ፣ ከአደን ምን ድርሻ እንደሚሰጠው፣ ቡችላ ሲመረጥ ምን ምልክት እንደሚታይ፣ የተመሰገነች እንስት ውሻ ስትሞት ልጆቿ ለማን እንደሚሰጡ ይመዝግብ። የውሻውን ቀለም፣ የጆሮውን አቋቋምና ቁመቱን ይጻፍ፤ ፎቶግራፉንም ያንሣ፤ ከሁሉም በላይ እናቱ ማን እንደ ነበረች ይጠይቅ። የደቡቡ አፍሪካ ነባር ውሻ ከጀርባ ጠጉር በቀር ምስክር አላስቀረም። የወለጋው ማሳ ጠባቂ ግን ገና በማማው ሥር አለ፤ በሕይወት ሳለ ሊጻፍለት ይገባል።